ልጃችን «መካኒክ ልሁን» ሲለን፦ ትምህርት ቤት ወይስ ጋራዥ?

ቤትንና ሥራን በአንድ ትከሻ የምትሸከሙ እናቶች፣ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት በየዓመቱ የፈተና ውጤት በተነገረ ማግስት በብዙዎቻችን ቤት ስለሚነሣ አንድ ጥያቄ ነው። ልጁ ወይም ልጅቷ 12 ዓመት ተምረው ወደ ዩኒቨርስቲ የሚያስገባውን ነጥብ ሳያገኙ ይቀራሉ። ቤቱ ይቀዘቅዛል። ጎረቤቱም «ምን አመጣ?» እያለ ይጠይቃል። ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ ልጁ አንገቱን ደፍቶ ይመጣና «እኔ መካኒክ መሆን ነው የምፈልገው» ይላል። ጥያቄው ከዚህ ይጀምራል። ሙያውን የሚማረው የት ነው? ቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ገብቶ ነው ወይስ በሰፈሩ ጋራዥ ረዳት ሆኖ?

ይህ የጥቂት ቤቶች ጥያቄ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆኑ። ከቀሩት ውስጥ ከፊሎቹ በአቅም ማሻሻያ ትምህርት በኩል ዩኒቨርስቲ ቢገቡም፣ እጅግ የሚበዙት ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረባቸው። እንግዲህ ያ ልጅ የእናንተ ልጅ ቢሆን ብቻችሁን አይደላችሁም፤ የሚያሳፍርም ነገር የለበትም።

ማፈርን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል። በሀገራችን የእጅ ባለሙያ የተናቀበት ዘመን ረጅም ነው። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሥራው መስደብ እጅግ የተለመደ ስለ ነበር፣ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰው ነበር። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል። ሆኖም ዘይት የነካው ቱታ ለብሶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ልጅ ያላት እናት፣ ከቡና ጠጪዎቹ አንዷ «ምነው፣ እንዲያ ጎበዝ አልነበረም እንዴ?» ስትላት ዛሬም ትሰማለች። ያቺው ጠያቂ የተሳፈረችበት ታክሲ ዳገት ላይ ቀጥ ሲል በዐይኗ የምትፈልገው ግን ያንኑ ቱታ ለባሽ ነው።

የእኔ ቤት ነገር እንዲህ ነው። እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ባለቤቴ ሚኒባስ ታክሲ ይነዳል። ታላቁ ልጃችን ከሕፃንነቱ ጀምሮ አባቱ የመኪናውን ኮፈን በከፈተ ቁጥር ባትሪ እያበራ ከጎኑ የሚቆም ልጅ ነው። ነጥብ እንዳልመጣለት በታወቀ ሰሞን የሰፈራችን ጋራዥ ባለቤት፣ ትንሽ ትልቁ «ጋሼ» እያለ የሚያከብራቸው ሰው፣ ባለቤቴን ጠርተው «ልጅህን ነገ ላከው። ምሳውን እኔ እችላለሁ። በሁለት ዓመት ሰው አደርግልሃለሁ። እኔስ የትኛው ትምህርት ቤት ተማርኩና ነው?» አሉት።

ባለቤቴ ደስ አለው። እኔ ግን የዕቁቤ ዕጣ ሊደርስ አንድ ወር ቀርቶት ነበርና ሌላ ሐሳብ ነበረኝ። ገንዘቡ ለሚያፈሰው ጣሪያችን ታስቦ ዓመት ሙሉ ከደመወዜ እየተቆረሰ የተጠራቀመ ነው። ወይ ጣሪያው ይሠራል፣ ወይ ልጁ ይማራል፤ ለሁለቱ አይበቃም። አባቱ «ገንዘባችንን አፍስሰን ወንበር ላይ ከምናስቀምጠው ነገውኑ ቁልፍ ይጨብጥ» ይላል። እኔ ደግሞ «ቁልፍ መጨበጡንማ እኔም እጨብጣለሁ፤ የትኛው ብሎን ለምን እንደሚፈታ ማን ይነግረዋል?» እላለሁ። እንዲህ ስንባባል አንድ ሳምንት ከረምን። በመጨረሻም ከመወሰናችን በፊት ሁለታችንም ሄደን እንይ፣ እንጠይቅ ተባባልን። ከዚህ ቀጥሎ የማካፍላችሁ ያየነውንና የጠየቅነውን ነው።

በመጀመሪያ ለጋራዡ ተገቢውን ፍርድ እንስጠው። የመኪና ጥገና ሙያ በሀገራችን የተስፋፋው በአብዛኛው በመጽሐፍ ሳይሆን በእጅና በአፍ ነው። ለዚህም ቋንቋው ራሱ ምስክር ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ የምንላቸው ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። አንዱ ከሌላው ጎን ቆሞ፣ ዕቃ እያቀበለ፣ የሰማውን ስም እየደገመ ከእጅ ወደ እጅ ያስተላለፋቸው ናቸው። ዛሬም በተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባሉት ጋራዦች ብታልፉ፣ አንድም ቀን የሙያ ትምህርት ቤት ደጅ ሳይረግጡ የሞተር ድምፅ ሰምተው ብቻ ሕመሙን የሚናገሩ ሰዎች ታገኛላችሁ። ሶማሌ ተራ ገብተው ከተከመረው አሮጌ ዕቃ መካከል የትኛው ከየትኛው መኪና ጋር እንደሚስማማ በዐይናቸው የሚለዩም እነርሱው ናቸው። ይህን ጆሮና ይህን ዐይን የሚሰጥ መጽሐፍ የለም። ማለዳ መነሣትን፣ ደንበኛን ማነጋገርን፣ የጎደለውን ዕቃ በብልሃት መተካትንም ጋራዥ ያስተምራል።

ነገር ግን የጋራዥ ትምህርት ሦስት ጉድለቶች እንዳሉበት በጋራዥ ያደጉት ሰዎች ራሳቸው ነገሩን። አንደኛው፣ ልጁ የሚማረው በዕለቱ የመጣውን ብቻ ነው። ጋራዡ የሚሠራው ሚኒባስ ብቻ ከሆነ ሚኒባስ ያውቃል፤ ሌላ ሲመጣ እጁን ያጣጥፋል። ሁለተኛው፣ የመጀመሪያው ዓመት በአብዛኛው ዕቃ በቤንዚን በማጠብ፣ ሻይ በመላላክና ቁልፍ በማቀበል ያልፋል። ሦስተኛውን የነገረን በአንድ ጋራዥ 15 ዓመት የሠራ መካኒክ ነው። «ጌታህ ሁሉን አያሳይህም» አለን። «ዛሬ ያስተማረህ እንደሆነ ነገ ከማዶ ጋራዥ ከፍተህ ደንበኛውን ትወስድበታለህ። ስለዚህ ዋናው ሥራ ሲደርስ ‹ሂድ ሲጋራ ገዝተህ ና› ይልሃል።» ሰውየው ይህን ሲናገር ቅሬታ አልነበረውም፤ እርሱም ረዳቱን እንዲሁ እንደሚያደርግ በሳቅ ጨምሮ ነገረን። ነገሩ የክፋት አይደለም፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው። መምህር ግን የሚበላው ከማስተማሩ እንጂ ከመደበቁ አይደለም።

ታዲያ ትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ምንድን ነው? በአንድ ወርክሾፕ ቆመን ስናይ አሠልጣኙ የሞተር ቴስታታ እያስገጠመ ነበር። ብሎኖቹ በዘፈቀደ አይጠብቁም። ከመካከል ተጀምሮ ወደ ዳር፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለትና በሦስት ዙር፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ ነው የሚጠብቁት። አሠልጣኙ አንዱን ልጅ «ከዳር ብጀምረውስ?» ብለው ጠየቁት። ልጁም «ብረቱ እኩል አይቀመጥም፤ ይጣመማል። በመካከሉ ያለው ማሸጊያ ይቃጠላል፤ ውሃና ዘይት ይቀላቀላል» አለ። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞር ብሎ «ባለፈው ዓመት የእኔ መኪና የታመመችው ይህን ነበር እኮ» አለኝ በሹክሹክታ። በጋራዥ ያደገ ልጅም ብሎን ማጥበቅ ያውቃል። ልዩነቱ «ለምን» የሚለው ላይ ነው። «ለምን»ን ያወቀ ልጅ አይቶት የማያውቀው መኪና ሲመጣ አይደነግጥም።

እናት እንደ መሆኔ ሁለተኛው ያሳሰበኝ ጤንነቱ ነው። እጅን በቤንዚን መታጠብ በብዙ ጋራዦች የተለመደ ቢሆንም ቤንዚን በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ለዓመታት ቆዳን ሲነካ የቆዳ ካንሰር እስከ ማስከተል ይደርሳል። በአሮጌ መኪናዎች የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል ማዕድን ሊኖር ስለሚችል፣ አቧራውን በአየር ግፊት መንፋት ሳንባን ይጎዳል። በዝግ ቤት ሞተር አስነሥቶ መሥራት ሽታና ቀለም በሌለው በካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ይገድላል። ባትሪ ኃይል ሲሞላ ሃይድሮጅን የሚባል ጋዝ ስለሚወጣው በአጠገቡ እሳት መጫር ያፈነዳዋል። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ያለ መደገፊያ ብረት መግባትም እንዲሁ ሕይወትን ለዕድል መስጠት ነው። ይህን ሁሉ የሚያውቅና የሚያስተምር የጋራዥ ባለቤት የለም አልልም። ነገር ግን በትምህርት ቤት ጥንቃቄ ከመጀመሪያው የሚሰጥና የሚፈተኑበት ትምህርት ነው፤ በብዙ ጋራዥ ግን የሚታወቀው አንድ ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ መኪናው ራሱ መለወጡ ነው። በአሜሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሸጡት የቤት መኪናዎች ሁሉ ሕመማቸውን በመሣሪያ የሚናገሩበት አንድ ዓይነት መሰኪያ እንዲኖራቸው ተደርጓል። ሌሎችም ሀገሮች ተከትለዋል። እንዲህ ባለው መኪና ላይ ጆሮ ብቻውን አይበቃም፤ መሣሪያውን ሰክቶ፣ የወጣውን ቁጥር አንብቦ፣ ቁጥሩ የሚያመለክተው ክፍል በእርግጥ መበላሸት አለመበላሸቱን በመለኪያ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቁጥሩን ብቻ አይቶ ዕቃ የሚያስለውጥ ሰው የደንበኛውን ገንዘብ ያባክናል።

በሀገራችን ደግሞ ነገሩ ከዚህም አልፏል። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከላቸው በይፋ ተነገረ። ከዚያ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በአዲስ አበባ ጎዳናዎች እየበዙ መምጣታቸውን ሁላችንም በዐይናችን እያየን ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለውም፤ የሞተር ዘይት አይለወጥለትም፤ የነዳጅ ፊልትሮ አያውቅም። ፍሬኑ፣ መሪው፣ ጎማው፣ ኩሽኔታው ግን እንደ ማንኛውም መኪና ያልቃል፤ ይጠገናል። አደገኛው ባትሪው ነው። በቤታችን ግድግዳ ያለው መብራት 220 ቮልት ሲሆን፣ የብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ባትሪ ከ300 እስከ 400 ቮልት፣ የአንዳንዶቹም ከዚያ በላይ ነው። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ገመዶች ይህን ኃይል የሚያስተላልፉ ናቸው። ኃይሉ በሥርዓቱ ሳይቋረጥ፣ ለከፍተኛ ቮልት የተሠራ ጓንት ሳይለበስ አይነኩም። እንዲህ ያለውን ሥራ እየሞከሩ መማር አይቻልም፤ የመጀመሪያው ስሕተት የመጨረሻው ሊሆን ይችላልና። የድሮዎቹ መኪናዎች ገና ለብዙ ዓመታት አብረውን ስለሚኖሩ፣ የዛሬው ልጅ ሁለቱንም የማወቅ ግዴታ አለበት።

እስከዚህ ያነበባችሁ እናቶች «እንግዲያውስ ትምህርት ቤቱ ይሻላል ማለት ነው» ሳትሉ አትቀሩም። ቸኩላችሁ አትወስኑ። ሁሉም ትምህርት ቤት እኩል አይደለም። በከተማችን የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና እንደ ተግባረ ዕድ፣ እንደ ጄኔራል ዊንጌትና እንደ እንጦጦ ባሉት የቆየ ስም ባላቸው ተቋማት ይሰጣል፤ የግል ኮሌጆችም ብዙ ናቸው። እኛ ከጎበኘናቸው አንደኛው፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፣ አዳራሽ የሚያህል ክፍል ውስጥ አንድ ሞተር ብቻ አስቀምጧል። ሞተሩ ቀለም ተቀብቶ ያበራል። ዙሪያውን 30 ያህል ልጆች ቆመው ያያሉ። «ይነሣል ወይ?» ብሎ ባለቤቴ ሲጠይቅ አስጎብኚው «ለማሳያ ነው» አለው። ከዚያ ስንወጣ ባለቤቴ የተናገረውን አልረሳውም። «ለማሳያ ከሆነ ፎቶግራፉንም ግድግዳ ላይ መስቀል ይበቃ ነበር» አለ። በሌላው ቦታ ግን ግድግዳው ጠቁሯል፤ ወለሉ ላይ ዘይት አለ፤ የልጆቹ ጥፍር ጥቁር ነው፤ በየጠረጴዛው አራትና አምስት ሆነው ካምቢዮ ይፈታሉ፤ ይገጥማሉ። የእኛ ቤት ሲሆን ንጽሕና እንወዳለን፤ የወርክሾፕ ንጽሕና ግን ሲበዛ ያጠራጥራል።

ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት በአካል ሄዳችሁ እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቁ። አንደኛ፣ በአንድ ሞተር ስንት ሠልጣኝ ይመደባል? ሞተሩስ ይነሣል ወይ? ሁለተኛ፣ ልጁ ዕቃውን በእጁ የሚነካው በሳምንት ስንት ሰዓት ነው? ሦስተኛ፣ የትብብር ሥልጠና የሚባለው፣ ይኸውም ሠልጣኙ ከተቋሙ ውጭ በድርጅት ገብቶ የሚለማመደው፣ በየትኛው ጋራዥና ለስንት ጊዜ ነው? ተቋሙ ራሱ ቦታ ያገናኛል ወይስ ልጁን «ፈልግ» ብሎ ይለቀዋል? አራተኛ፣ ካለፈው ዓመት ሠልጣኞች መካከል የብቃት ምዘናውን ያለፉት ስንት ናቸው? አምስተኛ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ትምህርት ተጀምሯል ወይ? መልሱ በወረቀት ላይ ያለ ነው ወይስ የሚታይ? ከሁሉም በላይ ደግሞ አስተዳዳሪውን ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ። በምሳ ሰዓት በር ላይ ቆማችሁ የሚወጡትን ልጆች ጠይቁ፤ እነርሱ አይሸፋፍኑም።

ስለ ምዘናው ካነሣሁ ትንሽ ላብራራ። በ2000 ዓ.ም. ከወጣው የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ ወዲህ ሥልጠናው ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 ተከፍሏል። ሠልጣኙ ትምህርቱን መጨረሱ ብቻ አይበቃውም፤ በተለምዶ «ሲ.ኦ.ሲ.» የምንለውን የሙያ ብቃት ምዘና በጽሑፍና በተግባር ተፈትኖ ማለፍ ይኖርበታል። የሰፈር ጋራዥ ይህን ወረቀት አይጠይቅም። የመኪና አስመጪ ወኪሎች፣ ትልልቅ የትራንስፖርት ድርጅቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጋራዦች ግን ሲቀጥሩ ይጠይቃሉ። ልብ ልትሉት የሚገባው ሌላም ነገር አለ። በሥራ ላይ ያደገ ባለሙያ ትምህርት ቤት ባይገባም ለምዘናው ቀርቦ ችሎታውን ማስመስከር ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ገንዘብ አጥታችሁ ልጃችሁን ጋራዥ ያስገባችሁ ብትኖሩ መንገዱ ተዘግቶበታል ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

ሴት ልጅ ላላችሁ ደግሞ አንድ የተለየ ነገር ልንገራችሁ። ካየናቸው ወርክሾፖች በአንደኛው ከወንዶቹ መካከል ሦስት ሴቶች ቱታ ለብሰው ይሠሩ ነበር። አንደኛዋን ጠጋ ብዬ «የኔ ልጅ፣ እንዴት ይህን መረጥሽ?» አልኳት። «እትዬ፣ መጀመሪያ ሰፈራችን ያሉትን ሁለት ጋራዦች ጠይቄ ነበር። በሁለቱም ሳቁብኝ። እዚህ ስመዘገብ ግን የሳቀብኝ የለም» አለችኝ። ይህን ከሰማሁ በኋላ ነገሩ በራሴ ውስጥ ተለወጠ። ለወንዱ ልጅ ሁለት በሮች አሉት፤ የትኛው ይሻላል ብለን የምናማርጠው ለእርሱ ነው። ለሴቷ ግን የጋራዡ በር ብዙውን ጊዜ ዝግ ስለሆነ፣ ያላት በር የትምህርት ቤቱ ነው። ሙያውን ይዛ፣ ተመዝና ስትወጣ የጋራዡን በር ከውስጥም ከውጭም መክፈት ትችላለች። ታናሿ ልጃችን ገና 10ኛ ክፍል ናት። ስለ እርሷ የማስበው ሁሉ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰፍቷል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። እኔና ባለቤቴ ደብተር ይዘን ማታ ቁጭ አልንና ሦስት ነገሮችን አሰላን። የመጀመሪያው የትምህርት ክፍያው ነው፤ የመንግሥቱ ኮሌጅ ከግሉ በእጅጉ ያነሰ ሆኖ አገኘነው። ሁለተኛው ቱታ፣ የደኅንነት ጫማ፣ መጠነኛ የእጅ መሣሪያና የትራንስፖርት ወጪ ነው፤ ይህ ብዙ ቤተሰብ የሚዘነጋው ነው። ሦስተኛው ልጁ ትምህርት ቤት ሲውል የሚቀርበት ገቢ ነው። አባቱ ያስፈራው ይህ ሦስተኛው ነበር። ነገር ግን እስቲ አስቡት፤ ጋራዡ በመጀመሪያው ዓመት የሚሰጠው ምሳ ብቻ ነው ተብሏል። ምሳ ደግሞ ከቤታችን አይታጣም። ታዲያ የቀረበት ደመወዝ የቱ ነው? ይህን መስመር ደብተሩ ላይ በጻፍን ጊዜ ክርክራችን አበቃ።

ውሳኔያችን አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን መክፈት አልነበረም። ልጁ በመንግሥት ኮሌጅ ይመዘገብ፤ ቅዳሜና በዕረፍት ጊዜ ከሰፈራችን ጋራዥ ይዋል አልን። የጋራዡን ባለቤትም ቤታችን ጠርተን፣ ቡና አፍልተን፣ «ጋሼ፣ ልጁ የእርስዎም ልጅ ነው። ግን ዕቃ እያጠበ ብቻ እንዳይውል አደራ፤ ከጎንዎ ቆሞ ይይ» አልናቸው። ሳቁና «ትምህርት ቤቱ የሚታየውን ያሳየው፤ የማይታየውን እኔ አሰማዋለሁ» አሉ። የዕቁቡ ገንዘብም ለሁለት ተከፈለ። ከፊሉ ለልጁ ሆነ፤ በከፊሉ የመኝታ ቤቱን ጣሪያ አስጠገንን። ወጥ ቤቱ አሁንም ክረምት ሲመጣ ባልዲ ያስቀምጡበታል።

እነሆ ልጁ አሁን ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ስላለፈው ጊዜ ሁለት ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት የአባቱ ሚኒባስ ዳገት ላይ እየፈላ አስቸግሮት ነበር። አንድ መካኒክ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለለት። በብዙ ቦታ የሚደረግ ነው፤ ሞተሩ በቂ ሙቀት ሳያገኝ እንዲሠራና ነዳጅ እንዲያበዛ ያደርጋል እንጂ አያድንም። መኪናው መፍላቱን አልተወም። ልጁ አንድ ማታ የራዲያተሩን ክዳን አውጥቶ «አባዬ፣ ላስቲኩ ደርቋል፤ ግፊት አይዝም» አለው። ነገሩን እንዳስረዳን ከሆነ ለእኛ ለእናቶች እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ንፍሯችን ከድሬዳዋው ይበልጥ የሚዘገየው ውሃው ቶሎ ቢፈላም ሙቀቱ ስለሚያንስ ነው። ክዳኑ የሚጠብቀው የግፊት ድስት ግን እንፋሎቱን አፍኖ ውሃው ሳይፈላ ከ100 ዲግሪ በላይ እንዲሞቅ ያደርጋል። የራዲያተር ክዳንም ሥራው ይኸው ነው። አባቱ አላመነም፤ ቢሆንም ሶማሌ ተራ ሄዶ ክዳን ገዛ። ቴርሞስታቱም ተመለሰ። መኪናው መፍላቱን ተወ።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ በተቃራኒው ነው። አንድ ቅዳሜ ወደ ጋራዡ የገባ መኪና ጎማው አካባቢ ይጮኽ ነበር። ልጁ ፍሬኑን ፈትቶ ሁለት ሰዓት ፈለገ፤ አላገኘውም። ጋሼ ካቻቢቴውን ከብረቱ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮአቸው ላይ አድርገው ጎማውን በእጃቸው አሽከረከሩና «የኋላ ቀኝ ኩሽኔታ» አሉ። እርሱም ነበር። ልጁ ያን ማታ ቤት ሲመጣ የነገረን ስለ ክዳኑ ሲነግረን ከነበረው ኩራት በበለጠ አክብሮት ነው።

ውድ እናቶች፣ እኔ የደረስኩበት ይህ ነው። የሙያ ትምህርት ቤት ለመካኒክነት ይጠቅማል፤ የሚጠቅመው ግን ለወረቀቱ ሲባል ሳይሆን «ለምን»ን ስለሚያስተምር፣ ልጁን ከአደጋ ስለሚጠብቅና ለሚመጣው መኪና ስለሚያዘጋጅ ነው። የሚነሣ ሞተር የሌለው ትምህርት ቤት ግን ገንዘባችሁ አይገባውም፤ ከእርሱ ይልቅ ደግ የጋራዥ ባለቤት ይሻላል። ሁለቱን ማጣመር የቻለ ቤተሰብ ከሁለቱም ይጠቀማል። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለቄስ ብቻ አይደለም፤ ቱታ ለሚለብስም ይሆናል። የመመዝገቢያው ጊዜ ከመድረሱ በፊት አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ ልጃችሁን አስከትላችሁ፣ ወርክሾፑን በዐይናችሁ ተመልከቱ። ሞተሩንም «እስቲ አስነሡት» በሉ።